የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ ስያሜዎችን ሲማሩ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከመሐል ሜዳ፣ ከአጣዬ ወይም ከሸዋ ሮቢት መጥታችሁ ደብረ ብርሃን ላይ የጤና ትምህርት የጀመራችሁ ተማሪዎች፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከታች ያሉትን ስህተቶች ካላረማችኋቸው ታካሚው አልጋ ድረስ ይከተሏችኋል።

ግራና ቀኝን ከራስ አንጻር መጥራት። ሥዕሉ ላይ ጉበት በግራችሁ በኩል ይታያል፤ የሥዕሉ ሰው ግን ፊቱን ወደ እናንተ ስላዞረ ጉበቱ ያለው በቀኙ ነው። ግራና ቀኝ ምንጊዜም የታካሚው ነው። የአቅጣጫ ስያሜ ሁሉ የሚነሣው ከአንድ አቋም ነው፦ ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሞ ፊት ለፊት ያያል፣ እጆቹ በጎኑ ወርደዋል፣ መዳፎቹ ወደ ፊት ዞረዋል። መዳፉን የረሳ ተማሪ አውራ ጣቱ ጭኑን ሲነካ አይቶ ራዲየስን (በአውራ ጣት በኩል ያለውን የክንድ አጥንት) ሚዲያል፣ ማለትም ወደ ሰውነት መካከል የቀረበ ብሎ ይጽፋል። ራዲየስ ላተራል (ከመካከል ወደ ጎን የራቀ)፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና ሚዲያል ነው፤ ታካሚው ቢተኛም ክንዱን ቢያዞርም ይኸው ነው።

«እጅ» እና «እግር»ን እንደ ቤት አነጋገር መውሰድ። እኛ ከትከሻ እስከ ጣት ያለውን ሁሉ እጅ እንላለን። በአናቶሚ ግን ከትከሻ እስከ ክርን ብራኪየም፣ ከክርን እስከ አንጓ አንቴብራኪየም፣ ከዚያ በታች ማነስ ነው። «እግሩ ተሰብሯል» ብሎ መጻፍ ለቀጣዩ ባለሙያ ምንም አይነግረውም፤ ጭን ነው፣ ቅልጥም ነው ወይስ የውስጥ እግር? ጎኑንና አጥንቱን ጥሩ፦ የቀኝ ቲቢያ (ትልቁ የቅልጥም አጥንት)።

በግ ላይ ያዩትን ሁሉ ለሰው ማዋል። የመንዝ በግ ሲታረድ ብልቱን በእጅ መንካት መቻል ትልቅ ዕድል ነው፤ ተጠቀሙበት። ልቡን ሰንጥቃችሁ አራቱን ክፍሎች ቁጠሩ፤ የግራው ቬንትሪክል (የታችኛው የልብ ክፍል) ደምን ለመላው ሰውነት ስለሚገፋ ግድግዳው ከቀኙ ይወፍራል። ኩላሊቱንም በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ኮርቴክስን (የውጭውን ክፍል) እና ሜዱላን (የውስጡን) ለዩ። ጨጓራ ላይ ሲደርስ ግን አቁሙ፦ የበጉ ከነሽንፍላው አራት ክፍል አለው፣ የሰው አንድ ነው። አቅጣጫውም ይለያል። ፖስቴሪየር ለሰው የጀርባ በኩል ሲሆን በአራት እግሩ ለሚቆም እንስሳ የጭራ በኩል ነው።

አርተሪን በኦክስጅን መለየት። አርተሪ ደምን ከልብ ያወጣል፣ ቬይን ወደ ልብ ይመልሳል። ፐልሞናሪ አርተሪ ወደ ሳንባ የሚወስደው ኦክስጅን የጎደለውን ደም ነው።

ረጅም ቃልን እንዳለ መሸምደድ። ቆራርጡት፦ ሃይፖ ዝቅ ያለ፣ ግላይክ ስኳር፣ ኤሚያ በደም ውስጥ፤ ሃይፖግላይሴሚያ። በተለይ የሚቀራረቡትን ጎን ለጎን ጻፉ፦ ሃይፐርካሌሚያ የፖታሲየም፣ ሃይፐርካልሴሚያ የካልሲየም መብዛት ነው። ዩሬተር ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ፣ ዩሬትራ ከፊኛ ወደ ውጭ ያወርዳል።

«ደጋ ላይ የኦክስጅን ፐርሰንት ያንሳል» ማለት። ቆላው ሸዋ ሮቢትም ሆነ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ደብረ ብርሃን አየራቸው 21 ፐርሰንት ገደማ ኦክስጅን አለው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ስለዚህ የኦክስጅኑም ድርሻ ግፊት ይወርዳል። ኩላሊት ይህን ሲያውቅ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፣ የአጥንት መቅኔም ቀይ የደም ሕዋስ ይጨምራል። እዚህ ላይ ሃይፖክሴሚያንና ሃይፖክሲያን አትቀላቅሉ፤ የመጀመሪያው በአርተሪ ደም ውስጥ፣ ሁለተኛው በሕዋሳት ዘንድ ያለ የኦክስጅን እጥረት ነው። ከባድ የደም ማነስ ያለበት ሰው ሃይፖክሴሚያ ሳይኖርበት ሃይፖክሲያ ሊኖርበት ይችላል።