ረጅም ሩጫ ለጀመረ ሰው፦ ቀስ በል፣ በደንብ ብላ
ብዙ ጀማሪ ቶሎ የሚሰለቸው ከአቅሙ በላይ ስለሚፈጥን ነው። አብዛኛውን ሩጫህን እያወራህ መሮጥ በምትችልበት ፍጥነት አድርገው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትንፋሽ ካጠረህ ቀንስ፣ ማንም አይታዘብህም። ጠንከር ያለው ልምምድ በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን ይበቃል። ርቀቱንም ጥቂት በጥቂት ጨምር። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፣ ጅማት ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ጉዳቱም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ምግብ ላይ አትሰስት። ከ90 ደቂቃ በላይ የምትሮጥ ከሆነ እየሮጥክ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት (ኃይል የሚሰጠውን የምግብ ክፍል፣ ለምሳሌ ስኳር) ውሰድ። ይህንንም በልምምድ ላይ ሞክረው እንጂ በውድድር ቀን አትጀምረው፣ ሆድህ ጉድ ይሠራሃል።

ስንፍና ሲይዝህ ጫማህን አስርና ለ10 ደቂቃ ብቻ ውጣ። ከዚያም በኋላ ካላሰኘህ ተመለስ፤ ምናልባት ሰውነትህ እረፍት እየጠየቀ ይሆናል።