የመልቲሌቭል ሞዴል ሬዚዱዋል፦ ግራፉ ሲበላሽ ምኑን ልፈትሽ?

ሬዚዱዋል በተለካው ዋጋና ሞዴሉ በገመተው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ መልቲሌቭል ሞዴል ደግሞ በቡድን የተሰባሰበ መረጃን፣ ለምሳሌ በየአካባቢው ያሉ ልጆችን፣ የሚተነትን ነው። ምሳሌዬ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። የምንተነትነው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የቁመት ለዕድሜ ዜድ ስኮር (የልጁ ቁመት በዕድሜው ከሚጠበቀው በስንት መደበኛ ልይይት እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር) ሲሆን፣ ልጆቹ በ645 ክላስተሮች (ለናሙና በተመረጡ የመኖሪያ አካባቢዎች) ተከፋፍለዋል። ሞዴሉ ሁለት ደረጃ ስላለው ሬዚዱዋሉም ሁለት ነው፤ የልጁና የክላስተሩ። ለየብቻ ይሳሉ።

ምልክት፦ ነጥቦቹ ሁሉ ታች ተጨፍልቀው ጥቂቶቹ ሰማይ ላይ ቀርተዋል።
ምክንያት፦ ፋይሉ ውስጥ ዜድ ስኮሩ በ100 ተባዝቶ ነው የተቀመጠው፤ -250 ማለት -2.5 ነው። 9996፣ 9997 እና 9998 ግን ልኬት ሳይሆኑ "ይህን ልጅ አታስገባ" የሚሉ ኮዶች ናቸው። ሳያዩ ለ100 ካካፈሏቸው ዜድ ስኮሩ 99.98 የሆነ ልጅ ያገኛሉ!
መፍትሔ፦ ኮዶቹን ባዶ አድርጎ ሞዴሉን እንደገና ማስኬድ። እኔ ይህን ሳልፈትሽ ከኪውኪው ግራፉ (ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ካረፉ ስርጭቱ ኖርማል መሆኑን የሚጠቁም ግራፍ) ጅራት ጋር ስታገል ያመሸሁበት ቀን አለ።

ምልክት፦ ሬዚዱዋሉን ከዕድሜ ጋር ስስለው ጎበጠ። ጨቅላዎቹ ከዜሮ በላይ፣ ሁለት ዓመት አካባቢ ያሉት ከዜሮ በታች፣ ትልልቆቹ መልሰው ወደ ላይ።
ምክንያት፦ ዜድ ስኮሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በፍጥነት ይወርድና ከዚያ ይረጋጋል። እርስዎ ግን ዕድሜን በቀጥታ መስመር አስገብተዋል።
መፍትሔ፦ ስፕላይን (እንደ መረጃው የሚታጠፍ ለስላሳ መስመር)፣ ወይም 24ኛው ወር ላይ የሚታጠፍ መስመር። ሬዚዱዋልን ሞዴሉ ከገመተው ዋጋ ጋር ብቻ የሚስል ሰው ይህን ጉብጠት ላያየው ይችላል።

ጉብጠቱ ከተስተካከለ በኋላም ስርጭቱ ትንንሾቹ ልጆች ላይ ሰፍቶ ከቀረ ብዙም አይደንግጡ፦ ተኝቶ የሚለካ ሕፃን ይንፈራገጣል፣ የአንድ ወር የዕድሜ ስህተትም እሱ ላይ ይከብዳል። በአር ሶፍትዌር፣ ኤንኤልኤምኢ (nlme) በተባለው ፓኬጅ ለየዕድሜ ምድቡ የተለያየ ቫሪያንስ (የስርጭት ስፋት) መስጠት ይቻላል፤ ኤልኤምኢ4 (lme4) የተባለው ፓኬጅ ይህን አይፈቅድም።

ምልክት፦ የክላስተሮቹ ኪውኪው ግራፍ መሃሉ ላይ ተሰብሯል፣ ሂስቶግራሙም ሁለት ጉብታ አለው።
ምክንያት፦ ብዙውን ጊዜ የተረሳ የክላስተር ደረጃ ተለዋዋጭ ነው፤ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከተማና ገጠርን ነው።
መፍትሔ፦ ነጥቦቹን በከተማና በገጠር ቀለም ይለዩ። ሁለቱ ቀለሞች ከተለያዩ ተለዋዋጩን ያስገቡ። አንድ ክላስተር ብቻውን ከወጣ ደግሞ ጥሬ መረጃውን ከፍተው ቁመቶቹን ያንብቡ፤ ሁሉም በ0 ወይም በ5 የሚያልቁ ከሆነ ለኪው ሲያጠጋጋ ነበር ማለት ነው።

የክላስተሮቹ ኪውኪው ግራፍ ቀጥ ስላለ ብቻ ግን ስርጭታቸው ኖርማል ነው ብለው አይፈርሙ። አራት ልጆች ብቻ ያሉት ክላስተር ግምቱ ወደ ዜሮ ይሳባል፤ ይህ መሳሳብ እውነተኛውን ቅርጽ ሊሸፍነው ይችላል።

ውጤቱ "የቀነጨረ/ያልቀነጨረ" ከሆነና ሬዚዱዋሉ ሁለት ሰንበር ሠርቶ ከታየ፣ ያ ችግር አይደለም፤ 0 እና 1 ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚሳሉት። በአር ዳርማ (DHARMa) ፓኬጅ ሲሙሌት የተደረገ (ሞዴሉ ራሱ ከሚፈጥረው መረጃ ጋር በማነጻጸር የሚሰላ) ሬዚዱዋል አውጥተው እሱን ይዩ።