ለአምራቹ ከመጻፋችሁ በፊት፦ የአሮጌ ቴፕ ባለቤቶች ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አጠገብ ያለችው የጥገና ሱቄ ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ደጅ ይቆማል። ራዲዮና ቴፕ ሳገላብጥ ያረጀሁባት ይህች ሱቅ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አዲስ ዓይነት ደንበኛ አግኝታለች፤ ማሲንቆና ድምፅ በቤታቸው በአሮጌ ቴፕ ሪከርደር መቅረጽ የሚፈልጉ ወጣቶች። ኮምፒውተር እያላቸው ለምን ይህን መከራ እንደመረጡ አልጠይቅም፤ እኔም የምኖረው በዚሁ መከራ ነው።

ሁሉም የሚያሰሙኝ ቅሬታ ግን አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ለፋብሪካው ጽፌ ነበር፤ አልመለሱልኝም።» እስቲ ደብዳቤውን አሳየኝ እላለሁ። ስልኩን ያቀብለኛል። «ቴፔ ተበላሽቷል፤ እባካችሁ እርዱኝ።» በቃ፣ ይኸው ነው!

ሐኪም ቤት ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ብቻ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የትኛው ቴፕ? ምኑ ነው የተበላሸው? ከማሽኑ ጀርባ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ እኮ ለጌጥ አልተለጠፈችም። የሞዴሉን ስም ከነፊደሉና ከነቁጥሩ፣ መለያ ቁጥሩን፣ ቮልቱንና ሄርትዙን (መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ የሚነግረውን ቁጥር) ሳይቀር ገልብጡ። «ሪቮክስ ኤ77 አለኝ» ማለት እንኳ አይበቃም፤ ያ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ከወጣ በኋላ በአራት ተከታታይ ዓይነቶች ተሠርቷል፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ላይሆን ይችላል። ደግሞ «ዕቃ ላኩልኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ማሽን በመጋዘን የተቀመጠ ዕቃ ብርቅ ነው። የጥገና መመሪያውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ንድፍና የዕቃውን ቁጥር ጠይቁ፤ ወረቀት ከዕቃ ይልቅ ዕድሜ አለው። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን ሦስት ገጽ ጻፍሁት፤ ማሽኑን ማን እንዳመጣው፣ በየትኛው ሰርግ እንደቀረጸ፣ እንዴት እንደምወደው ሁሉ አለበት። የሞዴሉን ቁጥር ግን ረስቼው ነበር።

ለሞተ ድርጅት መጻፍም አለ። የምርቱ ስም በሕይወት አለ ማለት ሠሪው አለ ማለት አይደለም። የጀርመኑ ግሩንዲግ እ.ኤ.አ. በ2003 ከስሮ ስሙ ዛሬ የቱርክ ኩባንያ ንብረት ሆኗል፤ ልብስ ማጠቢያ ላይ ሳይቀር ይለጠፋል። የአካይም ስም እጅ ቀይሯል። ቲያክና ሪቮክስ ግን አሉ፤ ሪቮክስማ ቢ77ን በቅርቡ በአዲስ መልክ መልሶ አውጥቶታል።

ሄድ፣ ማለትም ቴፑ እየነካው የሚያልፈው ድምፅ ቀራጭና አንባቢ ክፍል፣ በአረቄ አይጸዳም። ውሃ አለበት።

ሃያ ዓመት ቆጥ ላይ የከረመ ማሽን አውርዶ ወዲያው ሶኬት ላይ መሰካትስ? የደሴ ክረምትና ጉም በመብራት መግቢያው ላይ ላሉት የወረቀት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ ለሚያጠራቅሙት ትንንሽ ዕቃዎች፣ አይራራም። ልባሳቸው ተሰንጥቆ እርጥበት ይጠጣሉ፤ መብራት ሲያገኙ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፤ ከዚያ «ማሽኑ ተቃጠለ» የሚል ደብዳቤ ወደ ጃፓን ይሄዳል። በመጀመሪያ ከጀርባው ያለው የቮልት መምረጫ 220 ላይ መሆኑን እዩ። ቀጥሎ የ100 ዋት አምፖል፣ ቆጣቢውን ሳይሆን የድሮውን ባለ ክር፣ ከማሽኑ ጋር በተከታታይ፣ መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ ማሽኑ እንዲገባ፣ አያይዛችሁ አብሩ። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው፤ ደምቆ ከቀረ ንቀሉት። ይህን ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ ለሚያውቅ ስጡ፤ በ220 ቮልት ላይ ልምምድ አይጀመርም።

ወደ ዝፍትነት የተለወጠውን የላስቲክ ቀበቶ ጠርጎ መጣልም ያናድደኛል። ስፋቱንና ውፍረቱን የሚነግራችሁ እርሱ ነበር። ርዝመቱን ቀበቶው በሚዞርባቸው መንኮራኩሮች፣ በፑሊዎቹ፣ ዙሪያ ክር አዙራችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ አዲሱ ቀበቶ ከክሩ በጥቂቱ ያጥራል። ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በመቀስ ቆርጦ ማስገባት የሚወድ ብዙ ሰው አለ። ውፍረቱ እኩል ስለማይሆን ድምፁ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

አሁን ወደ ኮምቦልቻው ልጅ ልምጣ። ባለ ትልልቅ ጥቅል ማሽኑን አጎቱ ከአሜሪካ አመጡለት፤ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም ገዛ። አክስቱ በአምባሰል ቅኝት ሲያንጎራጉሩ ቀረጻቸው። ቤቱ ሲሰማው ደህና ነው። የተቀረጸበትን የቴፕ ክር ይዞ ደሴ ወጣና በእኔ ማሽን ስናጫውተው አክስቱ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኑ! ልጁ የጠረጠረው የማሽኑን ሞተር ነበር። ቀደም ብሎ ክሮቹ ሌላ ሰው ቤት እንዲህ ሲሆኑበት ለአምራቹ ሦስት ጊዜ «ሞተር ሽጡልኝ» ብሎ ጽፎ መልስ አላገኘም።

ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ትራንስፎርመር ቮልት ይቀንሳል እንጂ ሄርትዙን አይነካም። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርትዝ ነው፤ የእኛ 50። ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ ሞተር እኛ ጋ ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይሮጣል፤ በዚያ ፍጥነት የተቀረጸ ድምፅ በትክክለኛ ማሽን ሲጫወት ሦስት ሴሚቶን (በፒያኖ ነጩንም ጥቁሩንም ቆጥሮ ሦስት ቁልፍ) ያህል ከፍ ይላል። ሁሉም ማሽን እንዲህ አይደለም፤ የኤ77 ሞተር ፍጥነቱ በኤሌክትሮኒክስ ስለሚጠበቅ ሄርትዙ አያስጨንቀውም። የልጁን ማሽን ግን ለመፈተን በሴኮንድ 19 ሴንቲሜትር በሚለው ፍጥነት አሥር ሴኮንድ አስኬድነው፤ መነሻና መድረሻውን ክሩ ላይ ምልክት አድርገን በሜትር ለካነው። 190 ሴንቲሜትር መሆን የነበረበት 159 ሆነ።

አራተኛውን ደብዳቤ አብረን ጻፍነው፤ ሞዴል፣ መለያ ቁጥር፣ 117 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ለ50 ሄርትዝ የሚሆነው የሞተር ፑሊ ልኩ ስንት ነው? በሳምንቱ መልስ መጣ። ፑሊው ማለቁን የሚገልጽ አንድ መስመርና የሁለቱም ፑሊዎች ንድፍ ያለበት አንድ የመመሪያ ገጽ ነበር፤ ከሞተሩ ጋር የሚሠራው ካፓሲተርም አብሮ እንደሚቀየር ገጹ ላይ ተጽፏል። ኮምቦልቻ ያለ የቶርኖ ባለሙያ ከነሐስ አወጣልን፤ ዲያሜትሩ የድሮው 1.2 እጥፍ ነው። ሁለተኛው ልኬት 190 ከግማሽ ላይ ቆመ።

ልጁ ቀድሞ የቀረጻቸው ክሮች ግን አሁን በገዛ ማሽኑም በልጅ ድምፅ ነው የሚዘፍኑት። ለእነርሱ ሲባል የድሮውን ፑሊ በፖስታ አሽገን ከማሽኑ ክዳን ሥር ለጥፈነዋል።