ሪፒተሩ እየተሰማችሁ አልከፍት ሲላችሁ፦ የቶን ችግርን እንዴት መፈለግና ማስተካከል ይቻላል

ሪፒተሩ (የአማተር ሬዲዮ ሲግናልን ተቀብሎ ወደ ሩቅ መልሶ የሚያስተላልፈው ጣቢያ) ላይ ሌሎች ሲያወሩ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል። እናንተ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ የጥሪ ምልክታችሁን ስትናገሩ ግን ጭጭ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሬዲዮው ደህና ነው፤ የጎደለው ቶኑ ነው።

ቶኑ፣ በቴክኒክ ስሙ ሲቲሲኤስኤስ፣ ከ67.0 እስከ 254.1 ኸርዝ ባለው ክልል ከንግግራችሁ ስር ሳይቋረጥ የሚሄድ ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ተቀባዩ ሬዲዮ አጣርቶ ስለሚያስቀረው ጆሮ አይለየውም። ሪፒተሩ የራሱን ቶን ካላገኘ ሲግናላችሁ የቱንም ያህል ቢበረታ አያስተላልፈውም። እንዲህ የተደረገው ከሩቅ የመጣ ሌላ ሲግናል ወይም የኤሌክትሪክ ጫጫታ እንዳይከፍተው ነው።

የምንጠቅሳቸው የሜኑ ቁጥሮች ጀማሪዎች በብዛት የሚገዙት የእጅ ሬዲዮ፣ የባኦፌንግ ዩቪ-5አር፣ ናቸው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በ2 ሜትር ባንድ በ146.940 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፍ፣ በ146.340 የሚቀበል፣ ቶኑ 100.0 የሆነ ሪፒተር እንውሰድ።

1. ቶኑን ከመነካካታችሁ በፊት ኦፍሴቱን (በመላኪያውና በመቀበያው ፍሪኩዌንሲ መካከል ያለውን ልዩነት) አጣሩ። ሬዲዮውን ወደ ፍሪኩዌንሲ ሞድ (ከቻናል ይልቅ ፍሪኩዌንሲው በቀጥታ ወደሚገባበት) መልሱ፤ ሜኑ 25ን በመቀነስ ምልክት፣ ሜኑ 26ን በ00.600 ሙሉ። ሜኑ 7ን (ሁለት ፍሪኩዌንሲ በአንዴ የሚያዳምጠውን) አጥፉት፤ ካልሆነ ሬዲዮው ባላሰባችሁት ፍሪኩዌንሲ ሊልክ ይችላል። አሁን ቁልፉን ተጭናችሁ ስክሪኑን እዩ፦ 146.940 ወደ 146.340 መቀየር አለበት። ካልተቀየረ የቶኑ ትክክል መሆን ምንም አይፈይድም።

2. ቶኑን በመላኪያው በኩል አስገቡ። ሜኑ 13፣ ቲ-ሲቲሲኤስ፣ 100.0 ይሁን። ሜኑ 10፣ 11 እና 12 ኦፍ ይሁኑ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቶኑን በ13 ፈንታ 11 ላይ ያስገባል። 11 የመቀበያው ነው። ያኔ ችግሩ እጥፍ ይሆናል፦ ቶን አትልኩም፣ ሪፒተሩም በመውጫው ያንኑ ቶን የማይልክ ከሆነ እሱንም መስማት ታቆማላችሁ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች፣ ድምፅ ማጉያው ግን ዝም ይላል። ቁጥሩንም ደግማችሁ አንብቡ። 100.0 እና 103.5፣ 123.0 እና 127.3 ጎረቤት ናቸው፤ አንድ ደረጃ ከሳታችሁ አይከፈትም።

3. በቻናል ያስቀመጣችሁትን አትመኑ። በዚህ ሬዲዮ ቻናል ላይ ሆናችሁ የቀየራችሁት ቶን ቻናሉን ለቃችሁ ስትመለሱ ይጠፋል። በፍሪኩዌንሲ ሞድ አስተካክላችሁ፣ የድሮውን በሜኑ 28 ሰርዛችሁ፣ አዲሱን በሜኑ 27 አስቀምጡ። በኮምፒውተር፣ ቸርፕ በተባለው የሬዲዮ መሙያ ፕሮግራም፣ የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ የቶኑን ቁጥር መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የቶን ሞድ የሚለውን ዓምድ “ቶን” አድርጉት። ባዶ ከተዋችሁት ቁጥሩ ጌጥ ነው። “ቲኤስኪውኤል” ካደረጋችሁት መቀበያውም ይቆለፋል።

4. በሁለተኛ ሬዲዮ ፈትኑ። ኦፍሴቱን አጥፍታችሁ ሁለቱንም ማንም በማይጠቀምበት የቀጥታ (ያለ ሪፒተር ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ) ፍሪኩዌንሲ ላይ አድርጉ። የሁለተኛውን ሜኑ 11 በ100.0 ሙሉ። ጥቂት ሜትር ራቅ ብላችሁ፣ በዝቅተኛ ኃይል፣ የጥሪ ምልክታችሁን ተናገሩ። ድምፅ ከወጣ ቶኑ እየሄደ ነው። ከዚያ የሁለተኛውን ወደ 103.5 ቀይሩት፤ አሁን ዝም ማለት አለበት። ይህን ሁለተኛውን ሙከራ አትዝለሉት፤ ሁለተኛው ሬዲዮ ቶን ሳይመርጥ ሁሉንም እያሳለፈ ቢሆን የምታውቁት በእሱ ብቻ ነው።

ቶኑ እየሄደም ሪፒተሩ ንግግራችሁን ሊቆራርጠው ይችላል። ያኔ የሚሰማችሁን ሰው አቆራረጡ ምን እንደሚመስል ጠይቁት። ከመቆረጡ በፊት ሽሽታ ከበዛበት ሲግናላችሁ ደክሟል፤ ወደ መስኮት ወይም ወደ ውጭ ውጡ፣ አንቴናውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ጥርት ብሎ ቆይቶ በመቀስ እንደተቆረጠ ከጠፋ ግን ቶኑን ጠርጥሩ። ሜኑ 5 (የሲግናሉ ስፋት) ዋይድ መሆኑን እዩ፤ ናሮው ላይ ቶኑም አብሮ ይደክማል። ማይክሮፎን ላይ መጮህም ያው ነው፤ ድምፃችሁ ገደቡን ሲያልፍ ቶኑን ይጫነዋል፣ ሪፒተሩም ይዘጋል። አፋችሁን አምስት ሳንቲሜትር ያህል አርቃችሁ እንደወትሮው አውሩ። የመጀመሪያው ቃል ብቻ ከተበላ ደግሞ ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ጠብቁ፤ ሪፒተሩ ቶኑን የሚለየው በዚያች ጊዜ ነው።

ሁሉም ትክክል ሆኖ አሁንም ካልከፈተ፣ የያዛችሁት ቶን የድሮ ሊሆን ስለሚችል የሪፒተሩን ባለቤት ወይም ክለብ ጠይቁ። ሰው እያወራ ሳለ ሜኑ 11 ውስጥ ገብታችሁ የስካን ቁልፉን ብትጫኑ በመውጫው የሚላከውን ቶን ሊያገኝላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን የመግቢያው ቶን የግድ ያው አይደለም። አንዳንድ የአውሮፓ ሪፒተሮች ደግሞ የሚነቁት መጀመሪያ ላይ በሚላክ አጭር የ1750 ኸርዝ ፉጨት ነው፤ እዚያ ሜኑ 13ን ስትነካኩ ብትውሉም አይከፍቱም።