ልጆች ስላነበቡት መጽሐፍ የራሳቸውን አስተያየት እንዲናገሩ እንዴት ማወያየት ይቻላል?

አንድ ልጅ መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ «እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቁት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ጥሩ ነው» ከማለት አያልፍም። አስተያየት ስለሌለው ግን አይደለም። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ጠያቂው አዋቂ ሲሆን ደግሞ የሚያስበውን ትቶ የሚጠበቅበትን መልስ ለመገመት ይሞክራል። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው አሠራር እነዚህን ሁለት ችግሮች ለማቃለል ይረዳል። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ለሆኑ ልጆች የሚስማማ፣ 45 ደቂቃ የሚወስድ ውይይት ሲሆን በክፍል ውስጥ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በቤት ሊካሄድ ይችላል።

ቡድኑና መጽሐፉ

ለአንድ ውይይት ከ6 እስከ 8 ልጆች ይበቃሉ። ከ4 ካነሱ የሐሳብ ልዩነት እምብዛም አይገኝም፤ ከ10 ከበለጡ ደግሞ ተራ መጠበቁ ስለሚያሰለቻቸው የጎን ወሬ ይጀምራሉ። ብዙ ተማሪ ያለበት ክፍል ከሆነ በቡድን ከፋፍሎ በተለያየ ቀን ማወያየት ይሻላል። በልጆቹ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ከ2 ዓመት ባይበልጥ ይመረጣል፤ የ8 ዓመት ልጅ ከ12 ዓመት ልጅ አጠገብ ሲቀመጥ ታላቁ ያለውን መድገም ይቀናዋል።

መጽሐፉ ቢቻል ለሁለት ልጅ አንድ ቅጂ እንዲደርስ ሆኖ ይዘጋጅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩት የሥዕል መጽሐፍ ይምረጡ። እነዚህ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ስለሆኑ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ጮክ ብሎ አንብቦ እዚያው መወያየት ይቻላል፤ ያኔ ያላነበበ ልጅ አይኖርም። ረጅም ልብ ወለድ ከሆነ ግን በምዕራፍ ተከፋፍሎ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይሰጠው።

መጽሐፉ ለልጁ ይከብደው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ልጁ ከመካከል አንድ ገጽ ገልጦ ያንብብ፤ የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ብቻውን ለሚያነብ ልጅ ከባድ ነው፤ ወይ ይነበብለት፣ ወይ ይቀየርለት።

ከቋንቋው ክብደት ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን መጽሐፉ የሚያከራክር ነገር ያለው መሆኑ ነው። ገጸ ባሕርይዋ የወሰነችው ውሳኔ አንዱን የሚያስደስት፣ ሌላውን የሚያናድድ ከሆነ፣ መጨረሻውም ጥያቄ ትቶ የሚያልፍ ከሆነ ውይይቱ በራሱ ይሄዳል። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ መዋሸት መጥፎ ነው» ብሎ የሚደመድም መጽሐፍ ለልጆቹ የሚናገሩት ነገር አያስቀርላቸውም። አወያዩ መጽሐፉን አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ማንበብ አለበት፤ የመጀመሪያውን እንደ ማንኛውም አንባቢ፣ ሁለተኛውን ልጆቹ ሊቆሙባቸው የሚችሉትን ገጾች እየመዘገበ።

በንባብ ጊዜ ምልክት ማድረግ

ልጆች ያነበቡትን ከቀናት በኋላ ሲጠየቁ ብዙውን ዝርዝር ሊረሱት ይችላሉ። ስለዚህ እያነበቡ ምልክት የሚያደርጉበት ቁራጭ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። አንድ ኤ4 ወረቀት ወርዱን ለሁለት፣ ቁመቱን በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ቢቆርጡት 18 ቁራጭ ይወጣዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ 8 ቁራጭ ይስጡ፤ አንዱ ወረቀት ለሁለት ልጅ ይበቃል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ከሰጧቸው በየገጹ እየቆሙ ይለጥፋሉ፣ ታሪኩም ይጠፋባቸዋል።

ቁራጩ ከመጽሐፉ ጫፍ ብቅ እንዲል ተደርጎ በገጾቹ መካከል ይገባል። ብቅ ባለው ጫፍ ላይ ከአራት ምልክቶች አንዱ ይጻፍበታል፦ ለወደዱት ነገር ልብ፣ ላልወደዱት ኤክስ፣ ላልገባቸው ወይም ለገረማቸው የጥያቄ ምልክት፣ ሌላ ቦታ ካዩት ነገር ጋር ለተመሳሰለባቸው ሁለት ትይዩ መስመር። ከምልክቱ ሥር አንድ ቃል ቢጨምሩ ጥሩ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ግን አይጠየቁ። ንባቡ የቤት ሥራ መስሎ ከታያቸው ምልክቶቹን ከውይይቱ ቀን በፊት ባለው ማታ በችኮላ ሞልተው ይመጣሉ።

የአራቱ ምልክቶች ሐሳብ የተወሰደው ኤይደን ቻምበርስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲና መምህር እ.ኤ.አ. በ1993 ካሳተመው፣ ልጆችን ስለ መጻሕፍት ስለማወያየት ከሚናገር ሥራው ነው። የእሱ መሠረታዊ ጥያቄዎች አራት ናቸው፤ የወደዳችሁት ነገር አለ? ያልወደዳችሁትስ? ግራ ያጋባችሁ ነገር አለ? ተደጋግሞ ወይም ተያይዞ ያያችሁት ነገርስ? ማንኛውም ልጅ ቢያንስ ለአንዱ መልስ አያጣም፤ ጥቅማቸውም እዚህ ላይ ነው።

የውይይቱ ቀን

ልጆቹ ሁሉም ሁሉንም ማየት እንዲችሉ በክብ ይቀመጡ። አወያዩም ከመካከላቸው ይቀመጥ እንጂ ከፊታቸው አይቁም። በግድግዳ ላይ ለአራቱ ምልክቶች አራት ዓምድ የተሰመረበት ትልቅ ወረቀት ይለጠፍ። ሰዓቱ እንዲህ ቢከፋፈል ይበቃል፦ ታሪኩን ለማስታወስ 5 ደቂቃ፣ በዝምታ ለማሰብ 2 ደቂቃ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ለመነጋገር 4 ደቂቃ፣ ሐሳቦችን በዓምዶቹ ለመመዝገብ 10 ደቂቃ፣ ለውይይቱ 18 ደቂቃ፣ በመጨረሻ ለመጻፍ 6 ደቂቃ።

የሁለት ሁለቱን ንግግር «ጊዜ አጠረን» ብለው አይዝለሉት። በሰው ፊት መናገር የሚፈራ ልጅ ሐሳቡን መጀመሪያ ለአንድ ጓደኛው ሲናገር ቃላቱን ያገኛቸዋል፤ ወደ ክቡ ሲመለስ የሚናገረው ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

በምዝገባው ጊዜ አወያዩ የልጁን ቃል እንዳለ ይጽፋል። ልጁ «ውሻው ሲቀር አናደደኝ» ካለ «የውሻው ሁኔታ አሳዛኝ ነበር» ተብሎ ሊታረም አይገባም። ከጎኑ የልጁ ስም የመጀመሪያ ፊደልና የገጹ ቁጥር ይጻፋል። በዚህ ጊዜ ክርክር አይፈቀድም፤ ሁሉም ሐሳብ ወረቀቱ ላይ ይስፈር። ዓምዶቹ ሲሞሉ ልጆቹ ራሳቸው የሚገናኙትን ሐሳቦች በመስመር ያያይዙ። አንድ ነገር በ«ወደድኩት» እና በ«አልወደድኩትም» ሥር ሁለቴ ተጽፎ ከተገኘ ውይይቱን ከዚያ ይጀምሩ። እንዲህ ያለ ካልተገኘ የጥያቄ ምልክት ከበዛበት ገጽ ይነሱ።

መቆየትና መጠየቅ

ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተመቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ቆይታው ወደ 3 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፤ ሳይጠሩ የሚናገሩትም ይበዛሉ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቆይታው ከጥያቄው በኋላ ብቻ ሳይሆን ከልጁ መልስ በኋላም እንደሚያስፈልግ ነው። ልጁ ንግግሩን ሲያቆም ጨርሷል ማለት አይደለም። ስለዚህ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። «ጎበዝ!» ብሎ ወዲያው ማወደስም ንግግሩን ይዘጋዋል፤ ሌሎቹ ልጆች ትክክለኛው መልስ የተገኘ ይመስላቸዋል።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ቢሆንም በልጅ ጆሮ የምርመራ ድምፅ አለው። «እስቲ ንገሪን፣ የትኛው ገጽ ላይ ነው እንዲህ የተሰማሽ?» ማለት ይሻላል። ገጹን ስትፈልግ ምክንያቱን አብራ ታገኘዋለች።

ከሁሉ በላይ መቆጠብ የሚያስፈልገው «ከዚህ መጽሐፍ ምን ትምህርት አገኛችሁ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ አዋቂዎች በዚህ ይጀምራሉ፤ ውይይቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ልጆች የዚህን ጥያቄ መልስ መጽሐፉን ሳያነቡም ያውቁታል፤ ታላላቆችን ማክበር፣ ጠንክሮ መሥራት፣ አለመዋሸት። አንዴ ይህ ከተባለ በኋላ «እኔ ግን ውሸታሙን ልጅ ወድጄዋለሁ» ለማለት የሚደፍር አይገኝም። ወድጄዋለሁ ያለው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጽሐፉን በጥንቃቄ ያነበበው እሱ ነው። ትምህርቱ ካለ በክርክሩ መካከል ልጆቹ በራሳቸው ቃል ያወጡታል።

አወያዩ የራሱን አስተያየት እስከ 18 ደቂቃው ውይይት መጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ይያዘው። ከተጠየቀም እንደ አንድ አንባቢ፣ ገጽ ጠቅሶ፣ በአጭሩ ይናገር።

«ይደብራል» ሲሉ

አንድ አስተያየት ሦስት ነገር ካለው ሙሉ ነው፦ የተሰማው ነገር፣ የተሰማበት ቦታ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ምክንያት። «አሪፍ ነው» የመጀመሪያው ብቻ ነው። «ገጽ 22 ላይ ወንድሟ ደብዳቤውን ሲደብቅ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም እሱ ብቻ እውነቱን ስለሚያውቅ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ጓጉቻለሁ» ሦስቱንም ይዟል። ልጆቹ ይህን ልዩነት በሁለትና በሦስት ውይይት ይለምዱታል።

«ይደብራል» የሚለውን ቃል አይከልክሉ፤ ከጀርባው ያለውን ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ስላወቀው ሊሆን ይችላል፤ ይህ በመጽሐፉ ላይ የተሰነዘረ እውነተኛ ትችት ነው። ቃላቱ ከብደውት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ችግሩ ያለው በምርጫው ላይ ነው። ወይም ብዙ ገጸ ባሕርያት በአንድ ጊዜ ገብተውበት ማን ማን እንደሆነ ጠፍቶት ይሆናል። «ከየትኛው ገጽ ጀምሮ ነው የደበረህ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሦስቱን ለመለየት ይበቃል።

መጽሐፉን ያልጨረሰ ልጅም ከውይይቱ አይገለል። የት ገጽ ላይ እንዳቆመና እዚያ ምን እየሆነ እንደነበር ይናገር። ሦስት ልጆች ከተመሳሳይ ምዕራፍ ላይ ካቆሙ ስለዚያ ምዕራፍ ብዙ የሚባል ነገር አለ።

አለመስማማት

ልጆች ሐሳብን ከሰው ለይተው ለመቃወም ልምምድ ያስፈልጋቸዋል። ሁለት ሦስት መነሻ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይለጥፉላቸው፦ «እኔ በሌላ መንገድ ነው ያየሁት፤ ገጽ 14 ላይ…»፣ «አንተ ባልከው ላይ ልጨምር…»፣ «መጀመሪያ እንደ አንቺ አስቤ ነበር፤ ግን…»። ከገጽ ጋር የታሰረ ተቃውሞ ወደ ስድብ አይወርድም፤ ሁለቱም ልጆች ወደ መጽሐፉ ይመለሳሉና።

አንድ ልጅ ንግግሩን ከጠቀለለው ለእያንዳንዱ 3 የልብስ ቁልፍ ወይም ጠጠር ይስጡ፤ በተናገሩ ቁጥር አንዱን መሐል ላይ ያስቀምጣሉ። ይህ ዘዴ ግን ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ብቻ ይሁን። ከዚያ ካለፈ ተናጋሪዎቹ ጨርሰው ዝም ይላሉ፤ ዓይናፋሮቹ ደግሞ ጠጠራቸውን ለመጨረስ ሲሉ ብቻ የማያምኑበትን ይናገራሉ።

ሞት፣ ፍቺ ወይም ድህነት የሚነሳበት መጽሐፍ ሲሆን «እናንተ ቤትስ?» ብለው አይጠይቁ። ልጁ ስለ ገጸ ባሕርይው እየተናገረ ስለ ራሱ መናገር ይችላል፤ መጽሐፉ የሰጠውን መጠለያ አይንጠቁት።

አስተያየቱን መጻፍ

በመጨረሻዎቹ 6 ደቂቃዎች ልጆቹ የሚጽፉት ረቂቅ ነው፤ ቤት ሄደው ይጨርሱታል። ለ8 እና ለ9 ዓመት ልጆች 4 ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፤ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ከ100 እስከ 150 ቃላት። የመጽሐፉና የደራሲው ስም ይቀድማል፤ ሥዕል ካለው የሠዓሊውም ይጨመር፣ ብዙ ጊዜ ይረሳልና። ቀጥሎ ታሪኩ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ የተሳካ አንድ ነገርና ያልተሳካ አንድ ነገር ከነገጻቸው፣ በመጨረሻ ለማን እንደሚሆን። «ለሁሉም ልጆች» የሚለው መልስ ተቀባይነት አይኑረው፤ «ሚስጥር መፍታት ለሚወዱ፣ አስፈሪ ነገር ግን ለማይደፍሩ» የሚለው ለሌላ አንባቢ ይጠቅማል።

ታሪኩን ሲናገሩ ከመጽሐፉ ሲሶ እንዳያልፉ ይወሰን። ያለዚህ ገደብ አብዛኞቹ ልጆች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተርከው ለአስተያየቱ ቦታ ያጣሉ።

ኮከብ መስጠት ካማራቸው ለታሪኩ፣ ለሥዕሎቹ፣ ለቋንቋውና ለመጨረሻው ለየብቻ ከ5 ይስጡ። አንድ ድምር ኮከብ ብቻ ከተጠየቁ ሁሉም 5 ይሰጣሉ። ለሁሉም 5 የሰጠ ልጅ ካለ ከዚህ በፊት በጣም ከወደደው መጽሐፍ ጋር እንዲያነጻጽር ይጠየቅ፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

የፊደል ግድፈትን በረቂቁ ላይ አያርሙ። ጽሑፉ ለሌሎች የሚለጠፍ ከሆነ ሐሳቡ ካለቀ በኋላ ከልጁ ጋር ሆነው ያስተካክሉት። ከግቢው ውጭ ወይም በኢንተርኔት የሚወጣ ከሆነ ወላጅ ይፍቀድ፤ የልጁ የመጀመሪያ ስምና ዕድሜ ብቻ ይታይ እንጂ ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ስምና ስልክ አይውጣ።

ባለ አራት ዓምዱን ትልቅ ወረቀት አይጣሉት። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ መልሰው ይለጥፉትና ሐሳቡን የቀየረ ካለ በሌላ ቀለም ከቀድሞው አጠገብ ይጻፍ፤ የቀድሞው ግን አይሰረዝ።