አርሰናልን ስንደግፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አርሰናል የሆንኩት ንዋንኮ ካኑ ቼልሲ ላይ ሦስት ጎል ያገባ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1999 ነበር። ኳስ የምናየው ዲሽ ያለበት ሻይ ቤት ውስጥ ተጠጋግተን ነው። ቼልሲ 2 ለ 0 ይመራል። 15 ደቂቃ ሲቀረው ግማሹ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወጥቷል። ካኑ አንድ አገባ፣ ሁለት አገባ፣ በመጨረሻ ከሜዳው ጥግ በረኛውን አልፎ ሦስተኛውን ጨመረ። 3 ለ 2። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ብድግ ብለው ሲጮሁ እስካሁን ይታየኛል።

የካኑን ታሪክ የሰማሁት በኋላ ነው። በ1996 ኢንተር ሚላን ሲገባ የልብ ችግር ተገኝቶበት ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ብዙ ሰው ከእንግዲህ አይጫወትም ብሎ ነበር። አርሰናል በ1999 መጀመሪያ ላይ ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በታች ከፍሎ ወሰደው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ በስልካችን ላይ ምን እንደምንጽፍ አውቃለሁ። «የታመመ ሰው ገዙልን» እንል ነበር። ልጁ ገና ማልያውን ሳይለብስ ፈርደን እንጨርስ ነበር።

ይሄን ክለብ ከደገፍኩ ከ25 ዓመት በላይ ሆነኝ። ከዚህ በታች የማነሳቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ። ለዚህ ነው በደንብ የማውቃቸው።

የዝውውር ወሬን እንደ ዜና መውሰድ

የክረምቱ የዝውውር መስኮት ሲከፈት የቴሌግራም ቻናሉ ሁሉ «ሰበር» ይላል። ጠዋት አንድ አጥቂ ጨርሷል ይባላል። ማታ ሌላ ክለብ ጠልፎታል ይባላል። እኛ በመሀል በደስታና በንዴት እንደክማለን።

አንድ ዝውውር እስኪያልቅ ብዙ በር ያልፋል። ሁለቱ ክለቦች በዋጋ ይስማማሉ። ተጫዋቹ በደሞዝና በውል ዘመን ይስማማል። የጤና ምርመራ አለ። ከዚያ ምዝገባ አለ። ከእነዚህ አንዱ በር ቢዘጋ ነገሩ ያበቃል። በዚያ ላይ ወኪሎች አሉ። አንድ ወኪል «አርሰናል ይፈልገዋል» የሚል ወሬ የሚለቀው አንዳንዴ ተጫዋቹ ባለበት ክለብ ደሞዝ እንዲጨመርለት ነው። የኛ ክለብ ስም ለሌላ ሰው ድርድር ማስፈራሪያ ሆኖ ይውላል ማለት ነው።

የ2013ን ክረምት የማይረሳ አርሰናል አለ? ለሉዊስ ሱዋሬዝ 40 ሚሊዮን ከአንድ ፓውንድ አቀረብን። ውሉ ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ከቀረበ እንዲሄድ የሚፈቅድ አንቀጽ አለ ተብሎ ነው። ሊቨርፑል እምቢ አለ፣ ሱዋሬዝም እዚያው ቀረ። ክረምቱን ሙሉ ስለ እሱ ስናወራ ከርመን፣ በመጨረሻው ቀን እኩለ ሌሊት አካባቢ ሜሱት ኦዚል መጣ። በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ። ከሪያል ማድሪድ። በዚያው የውድድር ዘመን ማብቂያ የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ አነሳን። ከ2005 በኋላ የመጀመሪያችን ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የተጨቃጨቅንበት ሰው ሌላ ነበር፣ ዋንጫ ያነሳነው ከሌላ ሰው ጋር ሆነ።

ስለዚህ ክለቡ ራሱ እስኪያሳውቅ ድረስ ወሬውን ስሙት፣ ተጫወቱበት፣ ልባችሁን ግን አትስጡት።

ተጫዋችን በዋጋው መመዘን

ይሄ ትልቁ በሽታችን ነው። ደጋግሜ የማስበውም የ2019ን ክረምት ነው።

በዚያ ክረምት ከተገዙት ሦስቱን ልጥቀስ። ኒኮላ ፔፔ ከሊል በ72 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ፣ የክለቡ ክብረ ወሰን ነበር። ዊልያም ሳሊባ ከሴንት ኤቲየን በ27 ሚሊዮን ገደማ ተገዛ። ጋብሪኤል ማርቲኔሊ ደግሞ ኢቱአኖ ከሚባል የብራዚል ክለብ በ6 ሚሊዮን ገደማ መጣ። የኛ ሰፈር ልጆች ያጨበጨቡት ለማን ነበር? ለፔፔ ነው። የ6 ሚሊዮኑን ልጅ ስም በትክክል የጠራ ሰው አላስታውስም።

ፔፔ መጥፎ ተጫዋች አልነበረም፤ ግራ እግሩ ውብ ነው። በ2020 የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ ስናነሳም አብሮን ነበር። ግን 72 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ጀርባው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ኳስ በሳተ ቁጥር ዋጋው ይጠራል። በ2023 ውሉ በስምምነት ተቋረጠ፣ ክለቡ በዝውውር ያገኘበት ሳንቲም የለም። ሳሊባ ደግሞ በሦስት የውድድር ዘመን በውሰት ፈረንሳይ ውስጥ ዞረ። ሴንት ኤቲየን፣ ኒስ፣ ማርሴይ። «የሌለ ተጫዋች ገዛን» ስንል ነበር። ነሐሴ 2022 ላይ የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታውን ሲያደርግ ያ ሁሉ ወሬ አለቀ። ማርቲኔሊም ለዓመታት የግራ መስመራችን ሆነ።

ዋጋ የሚነግረን ሻጩ ምን ያህል እንደተደራደረ ነው። ልጁ እንዴት እንደሚለማመድ፣ ከአሰልጣኙ ጋር እንዴት እንደሚግባባ፣ ቅዝቃዜውን እንዴት እንደሚችለው አይነግረንም። አንዳንዴ ውዱም ይሳካል። ዲክላን ራይስ 100 ሚሊዮን ሲደመር 5 ሚሊዮን ወጣበት፣ ዛሬ በዋጋው የሚከራከር ሰው አልሰማም። እሱንም ያወቅነው ግን ሜዳ ላይ አይተነው ነው። አንድን ዝውውር ለመዳኘት እኔ ቢያንስ ሁለት የውድድር ዘመን እጠብቃለሁ።

«ገንዘቡን ያውጣ!» ብቻ ማለት

ስለ ባለቤቶቹ፣ ስለ ክሮንኬ ቤተሰብ፣ የምናነሳው ቅሬታ ብዙ ነው። ትክክለኛም አለበት። ገንዘብ ማውጣት ግን ባለቤቱ ስለፈለገ ብቻ የሚሆን አይደለም።

ለዓመታት የሠሩት የፕሪሚየር ሊግ ደንቦች አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር የሚከለክሉ ነበሩ። ኤቨርተን በዚህ ምክንያት በኖቬምበር 2023 10 ነጥብ ተቀነሰበት፣ በይግባኝ ወደ 6 ወረደ። ኖቲንግሃም ፎረስት 4 ነጥብ አጣ። ቀልድ የለም።

ሒሳቡ ደግሞ እኛ እንደምናስበው አይሠራም። የዝውውር ዋጋ በመዝገብ ላይ ለውሉ ዓመታት ይካፈላል። 100 ሚሊዮን የወጣበት ተጫዋች አምስት ዓመት ከፈረመ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ክለቡ ውስጥ ያደገ ልጅ ሲሸጥ ግን የግዢ ዋጋ ስለሌለው ገንዘቡ በሙሉ ትርፍ ነው። በ2024 ኤሚል ስሚዝ ሮው ለፉልሃም፣ ኤዲ ንኬቲያ ለክሪስታል ፓላስ ሲሸጡ ብዙዎቻችን ግራ ገባን። ሒሳቡን ሳይ ነው የገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ይበልጥ አዘንኩ። ስሚዝ ሮው በ10 ዓመቱ ነው ክለቡን የተቀላቀለው። አንድ ደንብ ቤት ውስጥ ያደገውን ልጅ መሸጥ ከሁሉ የሚያዋጣ ነገር ካደረገው፣ እኔ እንደ ደጋፊ ያ ደንብ መታረም አለበት እላለሁ። ንዴታችን እዚያ ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

የኤምሬትስን ዓመታትም አንርሳ። በ2006 የተከፈተው ስታዲየም 390 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶበታል። አሰልጣኛችን አርሴን ዌንገር ያንን ዕዳ ተሸክሞ ነው ቡድኑን በየዓመቱ ቻምፒየንስ ሊግ ያስገባው። ሄንሪ ሄደ፣ ፋብሪጋስ ሄደ፣ ናስሪ ሄደ። በ2012 ቫን ፐርሲ በ24 ሚሊዮን ገደማ ማንቼ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት ሊጉን ወሰደ። ያ አሁንም ያመኛል። ዌንገርን ግን «ስስታም» ስንለው የነበረው ያለ አግባብ ነው።

ደጋፊ ምን አቅም አለው ማለት

ኤፕሪል 18 ቀን 2021 ክለባችን ከሌሎች 11 ክለቦች ጋር ሱፐር ሊግ ሊመሠርት መሆኑ ተሰማ። መሥራቾቹ መቼም የማይወርዱበት የሀብታሞች ውድድር። የእንግሊዝ ደጋፊ በአንድነት ተነሳ፤ የራሱ ክለብም ቢሆን ተቃወመ። በሁለት ቀን ውስጥ አርሰናል ወጣ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ከዚያ በኋላም ሺዎች ኤምሬትስ በር ላይ ተሰብስበው ባለቤቶቹን ተቃወሙ። እኛ አዲስ አበባ ሆነን በር ላይ መቆም አንችልም። ግን የክለቡ ማስታወቂያ፣ የማልያ ሽያጭና የቴሌቪዥን ገንዘብ በኛም ዓይን ላይ የተመሠረተ ነው።

የራስን ተጫዋች መስደብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኦክቶበር 27 ቀን 2019፣ ከክሪስታል ፓላስ ጋር 2 ለ 2። አምበሉ ግራኒት ዣካ ሲቀየር የገዛ ደጋፊው በደስታ ጮኸበት። እሱም እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ መለሰ፣ ማልያውን አውልቆ ወጣ። አምበልነቱን ተነጠቀ። እኔም ያን ቀን «ይሂድ!» ካሉት አንዱ ነኝ።

ከቀናት በኋላ ራሱ የደረሱትን መልእክቶች ተናገረ። ሚስቱን እንገድላለን የሚሉ ነበሩ። ሕፃን ልጁ ካንሰር እንዲይዛት የተመኙ ነበሩ። ያንን ሳነብ አፈርኩ። እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም፤ የጮህኩት ግን አብሬ ነው።

ዣካ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ ሚኬል አርቴታ አሳምኖ አስቀረው። በ2022/23 ወደፊት ተጠግቶ እየተጫወተ በሊጉ 7 ጎል አገባ። በመጨረሻ ጨዋታው ዎልቭስ ላይ ሁለት አስቆጥሮ፣ ያው ስታዲየም ስሙን እየዘመረ ሸኘው። ወደ ጀርመኑ ሌቨርኩዘን ሄዶ ደግሞ ቡንደስሊጋውን ያለ አንድ ሽንፈት አነሳ። ያን ቀን ምኞታችን ቢሳካ ኖሮ ይሄን ሁሉ አናይም ነበር።

ቡካዮ ሳካ ገና 19 ዓመቱ ነበር፣ በጁላይ 2021 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት። ከእንግሊዝ ቡድን ጓደኞቹ ከራሽፎርድና ከሳንቾ ጋር በቆዳ ቀለማቸው ተሰደቡ። ያኔ አፍሪካውያን ደጋፊዎች በሙሉ ተቆጣን፤ ልክ ነበርን። ግን የኛ የአማርኛ አስተያየቶች ውስጥም ተቀናቃኝ ክለብ የሚጫወት ጥቁር ልጅ ሲሳሳት የሚጻፈውን አይቻለሁ። ጽሑፉን ሰርዙ ስላቸው «ኳስ ነው ባክህ» ይሉኛል። ስድቡ በአማርኛ ስለተጻፈ ቀሎ አይታየኝም።

በሦስት ጨዋታ አሰልጣኝ ማባረር

ነሐሴ 2021። ብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ ቼልሲ 2 ለ 0፣ ሲቲ 5 ለ 0 አሸነፉን። የሊጉ መጨረሻ ላይ ተቀመጥን። ሻይ ቤቱ በሙሉ አርቴታ ይባረር አለ። ከ2023 እስከ 2025 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሁለተኛ የጨረሰውን ቡድን የሠራው እሱ ነው። ሁለተኛ መሆን እንደሚያም አውቃለሁ። ከስምንተኛ መጥተን ግን ነው።

ክለብህን ማስያዝ

አጭር ነው፤ በአርሰናል ጨዋታ ቤቲንግ አታስይዙ። ሰፈሬ ውስጥ የሱቁን ኪራይ በአንድ ቅዳሜ የበላ ልጅ አለ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሲያይ ደስታ የለውም። ኳስ የሚያየው ትኬቱን እያሰበ ነው።

ሴቶቹን አለመቁጠር

«አርሰናል ቻምፒየንስ ሊግ በልቶ አያውቅም» ሲባል ዝም አንበል። የሴቶቹ ቡድን በ2007 በልቷል። ሜይ 24 ቀን 2025 ደግሞ ሊዝበን ላይ ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፎ ደገመው። ያው ማልያ፣ ዓርማው ላይም ያው መድፍ። ያን ቀን ጨዋታውን ክፈቱልን ብዬ ባለቤቱን ለምኜ ነው ያየሁት። ቀጥሎ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ጠረጴዛው ሁሉ ቢጠይቅ እወዳለሁ።

የሀገር ልጅ ላይ ሸክም መጫን፣ የሀገርን ኳስ መርሳት

ጃንዋሪ 2014 ላይ ኮቨንትሪን በኤፍኤ ካፕ ስንገጥም ጌዲዮን ዘላለም ተቀይሮ ገባ። በርሊን የተወለደ፣ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን። ዌንገር ከተሾመ በኋላ ተወልዶ ለዌንገር የተጫወተ የመጀመሪያው ልጅ። ሻይ ቤቱ ሠርግ መሰለ። ዕድሜው 17 ሊሞላ ሁለት ቀን ይቀረዋል፣ እኛ ግን ያኔውኑ ፋብሪጋስ አደረግነው። ከዚያ ለምን ለኢትዮጵያ አልተጫወተም ብለን ተቀየምነው። በ2017 ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ፣ በ2019 ከአርሰናል ወጣ። አንድ ጉልበቱን የታመመ ወጣት ነው፤ የ100 ሚሊዮን ሕዝብ ሕልም ሊሸከም አይገባውም ነበር።

ሀገር ቤት ያሉትን ደግሞ ጭራሽ አናያቸውም። አቡበከር ናስር በ2020/21 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ ዮርዳኖስ ዓባይ ይዞት የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀጥሎ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። የኢትዮጵያ ሊግ ያኔ አርሰናልን በምናይበት በዚያው ዲኤስቲቪ ይተላለፍ ነበር። ዋልያዎቹ ብቁ ስታዲየም አጥተው የሜዳ ጨዋታቸውን በሰው ሀገር ሲጫወቱ፣ እኛ የምንጨቃጨቀው ስለ ኤምሬትስ ሣር ነበር።

ባለፈው ሻይ ቤት ውስጥ ከእነዚያ 29 ጎሎች ስንቱን አይታችኋል ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ልጅ ብቻ እጁን አወጣ፣ አባቱ የቡና ደጋፊ ናቸው። ቡና አዲስ አበባ ላይ ሲጫወት አራት ሆነን ከሳቸው ጋር ስታዲየም ለመግባት ተቀጣጥረናል።