ለቮልስ ሰፋ ያለ ቸርኬና ጎማ አመራረጥ፦ በድሬዳዋና ሐረር መንገድ ለሚነዱ

ቮልስዎ ላይ ሰፊ ጎማ ሊያስገቡ ካሰቡ ጎሚስታ ቤት ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይያዙ። ጎማው ፓራፋንጎ የሚነካበት ቦታ መኪናው ባዶውን ቆሞ ሳለ አይታይም። የሚታየው ሰውና ጓዝ ጭኖ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሲወጣና ኩርባ ላይ ሲያዘነብል ነው። ስለዚህ ከጎማው ስፋት በፊት መታወቅ ያለበት፣ አዲሱ ጎማ ወደ ውስጥ ስንት ሚሊሜትር፣ ወደ ውጭ ስንት ሚሊሜትር እንደሚገፋ ነው።

መጀመሪያ ምክራችንን እናስቀምጥ፤ ምክንያቱ ይከተላል። ፊት 165/80 አር 15 ይቆይ፤ ኋላ ግን 5.5 ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ 195/65 አር 15 ይግባ። ቮልስ ሞተሩን ከኋላ ስለሚሸከም፣ ኩርባ መሃል ላይ ቤንዚን ድንገት ሲለቁ ጭራው ወደ ውጭ መውጣት ይወዳል። ከኋላ ሰፋ ያለ ጎማ ይህን ጠባይ ይቀንሰዋል። አራቱንም ካሰፉ ግን ፊቱ መንገዱን አጥብቆ ስለሚይዝ ያው ጠባይ ይመለሳል፤ መሪውም ይከብዳል፣ የፊት ኩሽኔታም ቶሎ ያልቃል። ሌላም ጥቅም አለው፦ 195/65 አር 15 ብዙ ኮሮላዎች የሚጠቀሙበት ቁጥር ስለሆነ ጎማው ሲያልቅ ምትክ ፍለጋ አያንከራትትም።

የጎማውን ቁመት ራስዎ ማስላት ይችላሉ። በ165/80 አር 15 ላይ 165 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 80 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 ደግሞ የቸርኬው ኢንች ነው። ስፋቱን በመቶኛው አባዝተው ሁለት እጥፍ ያድርጉት፤ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዝተው ይደምሩበት። 165/80 አር 15 ሲሰላ 645 ሚሊሜትር ይመጣል። 195/65 ወደ 634 ሚሊሜትር ነው፤ ከነበረው በ2 በመቶ እንኳ አያንስም። 205/60 ወደ 627፣ 185/65 ደግሞ ወደ 621 ይወርዳል። ከ3 በመቶ በላይ ልዩነት አንቀበልም። ከኋላ ጎማው ትንሽ ሲያጥር ማርሹ በዚያው ልክ ያጥራል፤ ለደንገጎ ዳገት ይህ አይከፋም። የቮልስ የፍጥነት ቆጣሪ ሽቦ የሚሽከረከረው ከፊት ግራ ጎማ ስለሆነ፣ የኋላውን ብቻ ሲቀይሩ ቆጣሪው አይዛባም።

195 ጎማ በፋብሪካው 4 ወይም 4.5 ኢንች ቸርኬ ላይ እንዳይጭኑ። ይገባል፣ ነፋስም ይይዛል፤ ነገር ግን ጎኑ አብጦ ይወጣና ኩርባ ላይ መኪናው ይዋዥቃል። ለዚህ ጎማ ትንሹ የቸርኬ ስፋት 5.5 ኢንች ነው። ጠባቡን ቸርኬ ቆርጦ በብየዳ ማስፋትንም አንመክርም። ብየዳው ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ቸርኬው ይወላገዳል፣ በባላንስም አይስተካከልም፤ ነፋስ ያስተነፍሳል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ የሚሰነጠቀው ጭነት ላይ ሳለ ነው።

ቀጥሎ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ይመልከቱ። የቆዩት ቮልሶች አምስት ቀዳዳ አላቸው፤ በቀዳዳዎቹ መሃል የሚያልፈው ክብ ከዳር እስከ ዳር 205 ሚሊሜትር ነው። የኋለኞቹ አራት ቀዳዳ ሲሆኑ ክባቸው 130 ነው። አራት ቀዳዳ ሲሆን ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል ይለኩ። አምስት ሲሆን ፊት ለፊት የሚገጥም ቀዳዳ ስለሌለ አንዱን ዘለው ቀጣዩን ይለኩ፤ 195 ሚሊሜትር ከመጣ ክቡ 205 ነው። ቀዳዳ የሚያቀያይር አዳፕተር የጎማውን ክብደት ከኩሽኔታው ያርቀዋል፤ ጎማውንም ወደ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይገፋዋል። ትክክለኛውን ቸርኬ መፈለግ ይሻላል።

ሰው ሁሉ የሚዘለው ክፍል የቸርኬው ጥልቀት ነው፤ ይኸውም ቡሎኑ የሚታሰርበት ቦታ ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት ሲሆን፣ ብዙ ቸርኬ ላይ ኢቲ ተብሎ በሚሊሜትር ተጽፎ ይገኛል። ካልተጻፈ ቸርኬውን በፊቱ አስተኝተው ቀጥ ያለ ጣውላ በጀርባው ጠርዝ ላይ ያጋድሙ፤ ከጣውላው እስከ ቡሎኑ የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ቦታ ድረስ ይለኩ። ከዚያ ላይ የቸርኬውን ጠቅላላ ስፋት ግማሽ ይቀንሱ። 5.5 ኢንች ቸርኬ ከነጠርዙ ወደ 165 ሚሊሜትር ስለሚሰፋ ግማሹ 82 ነው፤ የለኩት 108 ከሆነ ኢቲው 26 ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል።

አንድ ምሳሌ እንስራ። የድሮው ቸርኬዎ ኢቲ 34፣ አዲሱ 26 ቢሆን፣ ጎማውም ከ165 ወደ 195 ቢያድግ፣ ስፋቱ በ30 ሚሊሜትር ስለጨመረ 15 ወደ ውስጥ፣ 15 ወደ ውጭ ይሄዳል። የኢቲው ልዩነት 8 ስለሆነ ሁሉንም በ8 ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ወደ ውስጥ 7፣ ወደ ውጭ 23 ሚሊሜትር ይጨምራል። አሁን በድሮው ጎማ ይህን ያህል ቦታ መኖሩን ይለኩ። ከፓራፋንጎው ጠርዝ ቱንቢ አውርደው ጎማው ጎን ድረስ ያለውን ርቀት ይያዙ፤ ከውስጥም እስከ መጀመሪያው ብረት ያለውን። ጭማሪው ሁሉ ተቀንሶ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ከየጎኑ መትረፍ አለበት።

ይህን ሲለኩ መኪናውን በክሪክ እንዳያነሱት። የቮልስ የኋላ እግር በአየር ላይ ሲንጠለጠል ጎማው ከታች ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል የሚያገኙት ቁጥር ያታልላል። ሦስት ሰው ከኋላ ይቀመጥ፤ አንዱን የኋላ ጎማ 15 ሴንቲሜትር በሚሆን ጣውላ ላይ በዝግታ ያውጡና ያን ጊዜ ይለኩ። አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ ደግሞ የፓራፋንጎውን ውስጣዊ ጠርዝ በነጭ ጠመኔ ቀብተው፣ ጭነው፣ አንድ ጉብታ መንገድ ይሂዱበት። የሐረር ጀጎል የድንጋይ መንገድ ለዚህ ጥሩ ነው። ጠመኔው የተጠረገበት ቦታ ካለ ጎማው እዚያ ይነካል፤ ሳይበላው ኢቲው ከፍ ያለ ቸርኬ ይቀይሩ። የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማውን ከሸፈነው በኋላ ጎማው ነፋሱ ሳይለቀቅ መውጣቱንም በዚያው ይሞክሩ። መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስ ይህን መማር ክፉ ነው።

ቡሎን የቮልስ ትልቁ ስህተት የሚሠራበት ቦታ ነው። የፋብሪካው ቡሎን መቀመጫ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ብዙ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን የሾጣጣ መቀመጫ አለው። የማይገጥሙትን ሁለቱን ካጣመሩ ቡሎኑ በጠባብ ጠርዝ ብቻ ስለሚቀመጥ እየላላ ይሄዳል። ቸርኬው ወፍራም ከሆነ ቡሎኑም መርዘም አለበት። ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ 14 ሚሊሜትር በ1.5 የሆነው የአራቱ ቀዳዳ ቡሎን ከ9 ዙር በላይ፣ 12 ሚሊሜትሩ የአምስት ቀዳዳ ቡሎን 8 ዙር መሆኑን በእጅ እየቆጠሩ ያጥብቁ። በጣም ከረዘመ ግን የፍሬኑን ውስጥ ይነካል፤ ስለዚህ ከታሰረ በኋላ ጎማውን በእጅ አዙረው የሚፈጭ ድምፅ ካለ ያቁሙ። በቶርክ ቁልፍ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል ይጥበቅ፤ ከ50 ኪሎሜትር በኋላ ዳግመኛ ይፈተሽ።

አሮጌ ቸርኬ ጠርዙ ላይ ጎማውን የሚያቅፍ ጉብታ ከሌለው ጎማው ኩርባ ላይ ሊንሸራተት ስለሚችል የውስጥ ጎማ ይግባበት፤ መጠኑም ለጎማው የሚስማማ ይሁን።

ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ። 2319 ማለት በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት (በፈረንጆች አቆጣጠር) የተመረተ ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ ጎማን ስለሚያደርቅ፣ ጎኑ ላይ የደቃቅ ስንጥቅ መስመር የሚታይበትን ያገለገለ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አይግዙ። የጭነት ቁጥሩ ከ87 አይነስ፤ 195/65 ብዙ ጊዜ 91 ነው፣ ይህም በአንድ ጎማ 615 ኪሎ ማለት ነው።

ነፋሱ ገና ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይሞላ። ለፊት 18፣ ለኋላ 26 ፒኤስአይ ብለው ይጀምሩ። የጎማውን ጥርስ አግድም በጠመኔ ቀብተው በሜዳ አስፋልት ቀጥ ብለው ይሂዱ፤ መሃሉ ብቻ ከተጠረገ ነፋሱ በዝቷል፣ ጠርዞቹ ብቻ ከተጠረጉ አንሷል። ከድሬዳዋ ሐረር ሲደርሱ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ስለሚጨምር ጌጁ ከዚያው የተነሳ 1 ፒኤስአይ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ የሞቀ ጎማም ከዚያ በላይ ያሳያል። መንገድ ላይ ነፋስ እንዳይለቁ፤ ሲቀዘቅዝ ያጥርብዎታል።

መጠባበቂያው የነበረው 165/80 ይሁን፤ ከፊት ኮፈን ሥር ያለው ቦታ የተሠራው ለእሱ ነው። የኋላ ጎማ ከተነፈሰ በእሱ ተተክቶ ቀስ ብሎ እስከ ጎሚስታ ድረስ ይሄዳል። የሐረር ፔጆ 404 ባለቤቶች ልኬታቸውና ቀዳዳቸው ሌላ ስለሆነ እነዚህን ቁጥሮች አይውሰዱ፤ በጣውላ፣ በቱንቢና በጠመኔ መለካቱ ግን ለእነሱም ይሠራል።